ነርስ መርፌ ወጊ ነው ያለው ማነው? ስለ ማስታመም እውቀት



ዛሬ ስለ በሽታ አልጽፍም። ስለ መድኃኒትም አይደለም። አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት፦ እናንተ ወይም የቅርብ ሰው ሆስፒታል ተኝታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ነርሷ ምን አደረገችላችሁ?

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው፦ “መርፌ ወጋችኝ፣ ጉሉኮስ ሰቀለችልኝ፣ ኪኒን ሰጠችኝ፣ ሙቀቴን ለካችኝ።” እሺ። ታዲያ ፊታችሁን ማን አጠባችሁ? ከጎን ወደ ጎን ማን ገለበጣችሁ? ማን አጎረሳችሁ? ሌሊት ሽንት ቤት ማን ደግፎ ወሰዳችሁ? እዚህ ላይ መልሱ ይለወጣል። “እህቴ፣ ባለቤቴ፣ የአክስቴ ልጅ፣ እግዜር ይስጣት ጎረቤቴ…”

የዛሬው ሃሳቤ በአጭሩ ይሄው ነው፦ የነርስነት ዋናው ሥራ ያለው በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር አብዛኛው ሀኪም ያዘዘው ነው። ሁለተኛው ግን የራሱ እውቀት፣ የራሱ ፍልስፍና፣ የራሱ አሳቢዎች ያሉት ሙያ ነው። እኛ አገር ይሄንን ሥራ ምንም ሳናስተምር ለአስታማሚ ትተን፣ ነርስን “የሀኪም ረዳት” እንላለን። በዚህ መሃል ሰው ይጎዳል። አንዳንዴም ይሞታል። ስለዚህ ጉዳዩ የሙያ ክብር ብቻ አይደለም።

የምጽፈው ከጎበሳ ነው። ለማታውቋት፣ ጎበሳ አርሲ ውስጥ የሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደጋ፣ የገብስና የስንዴ አገር። እዚህ ታካሚ ብቻውን አይመጣም። ጋቢ፣ ፔርሙስ፣ በሶ እና ቢያንስ ሁለት ዘመድ አብሮት ይመጣል። ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ “ዶክተር” ነው፣ ሴት ሁሉ “ሲስተር” ናት። ወንድ ነርሶች “ዶክተር” ሲባሉ ማረም ሰልችቷቸው ትተውታል። ነገሩ ያስቃል፣ ግን ከጀርባው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይሄ ሙያ ምን እንደሚሠራ በእርግጥ እናውቃለን?

ቋንቋችን ግን ያውቃል። “ማከም” እና “ማስታመም” ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። “አስታመመ” የሚለውን ቃል ልብ በሉት፣ ውስጡ “ታመመ” አለ። አንድ ሰው በደንብ ታክሞ በደንብ ሳይስታመም ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ትክክል፣ ኦፕራሲዮኑ የተሳካ፣ ግን ታካሚው በመኝታ ቁስል ወይም ምግብ ሳንባው ገብቶ ይሞታል። ነርሲንግ የሚባለው ሳይንስ የተነሳው ከዚህ ክፍተት ነው።

1. መስኮቱን ክፈቱት

የሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የመስኮት ጦርነትን የማያውቅ ከተሜ የለም። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላዋ “ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!” ትላለች። ዎርድ ውስጥም ያው ነው። ስምንት ታካሚ፣ አስራ ስድስት አስታማሚ፣ አንድም የተከፈተ መስኮት የለም። እንደ ጎበሳ ባለ ብርድ አገርማ አይነሳም!

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ኢስታንቡል አጠገብ ወደነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ስትሄድ፣ ወታደሩን ይበልጥ የሚጨርሰው የጥይት ቁስል ሳይሆን ተቅማጥ፣ ኮሌራና ታይፈስ ነበር። ፍሳሹ ሲጠረግና አየር ሲገባ ሞቱ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርሲንግ ያሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ካነሳቻቸው ነገሮች ዋናዎቹ ንጹህ አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ጸጥታ፣ ንጽህና እና ምግብ ናቸው። በ1860 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ፍልስፍናዋ ቀላል ነው፦ ቁስልን የሚያድነው ራሱ ተፈጥሮ ነው፤ የነርስ ሥራ ተፈጥሮ ሥራዋን እንድትሠራ በሽተኛውን ምቹ ሁኔታ ላይ ማስቀመጥ ነው። መስኮትን በተመለከተ ያስቀመጠችው መመሪያ ደግሞ ሁለት ጎን አለው፦ የክፍሉ አየር እንደ ውጪው ንጹህ ይሁን፣ ግን በሽተኛው አይብረደው። ስለዚህ “ንፋስ ይመታዋል” የምትለዋ እናታችን ግማሽ እውነት አላት። መፍትሄው ግን መስኮት መዝጋት ሳይሆን ጋቢ መደረብ ነው። ቲቢ ባለበት አገር የተዘጋ ክፍል ማለት አንዱ የሳለውን ሌላው እየተነፈሰ ያድራል ማለት ነው።

አያችሁ? መስኮት መክፈት ትንሽ ሥራ ይመስላል። ግን ከጀርባው ሙሉ አስተሳሰብ አለ።

2. የንጉሥ ልጅ፣ ነርስ

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የራሳችንን ታሪክ እንይ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፣ ቤተሰቡ በጣሊያን ወረራ ምክንያት እንግሊዝ በስደት ሳለ፣ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕጻናት ሆስፒታል ገብታ ነርሲንግ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1939 ጨርሳ የተመዘገበች ነርስ ሆነች፤ በጦርነቱም ጊዜ እዚያው ለንደን ውስጥ ሠርታለች። የሌላ ሰው ገላ ማጠብ የአገልጋይ ሥራ ተደርጎ በሚታይበት ዘመን፣ የንጉሥ ልጅ የሰው ሕጻናት ታጥብ፣ ታለብስ፣ ትመግብ ነበር። ለዚያውም ለዓመታት ተምራ፣ ተፈትና ነው የሠራችው።

ነጻነት ተመልሶ ወደ አገሯ ከገባች በኋላ ግን ብዙ አልቆየችም። እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ውስጥ በወሊድ ምክንያት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ ወደ ኢትዮጵያ የመጡትም እዚሁ ሆስፒታል ለነርሶች የአዋላጅነት ትምህርት ሊከፍቱ ነበር።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ጎን ለጎን ያሠለጥን ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስ እና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። አንዱ የሌላው ረዳት ሆኖ ሳይሆን፣ ጤና ጣቢያ ላይ እያንዳንዱ የራሱ ሥራ ኖሮት ነው። ሃሳቡ አገር ውስጥ የነበረ ነው፤ እኛ ነን በመሃል የጣልነው።

3. አቅም፣ ፍላጎት፣ እውቀት

አሁን ወደ ዋናው ቲዎሪ እንምጣ። አትፍሩ፣ አያደክምም።

ቨርጂኒያ ሄንደርሰን የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1960 በዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በኩል የወጣው ጽሑፏ የነርስን ልዩ ሥራ እንዲህ ያስረዳል (በራሴ አባባል ነው)፦ ሰው አቅም፣ ፍላጎትና እውቀት ቢኖረው ለራሱ ያደርገው የነበረውን ነገር እሱ እስኪችል ድረስ ማገዝ፣ ከዚያም ቶሎ ራሱን እንዲችል ማድረግ። መዳን የማይቻል ከሆነ ደግሞ በሰላም እንዲያርፍ መርዳት። አስራ አራት መሠረታዊ ፍላጎቶችንም ዘርዝራለች፦ መተንፈስ፣ መብላት፣ መጸዳዳት፣ መተኛት፣ መልበስ እያለች እስከ ማምለክ፣ መሥራትና መጫወት ድረስ።

ሦስቱን ቃላት ያዙልኝ፦ አቅም፣ ፍላጎት፣ እውቀት። እስኪ ሦስት ሰዎች እናስብ።

አንድ አርሶ አደር አባት ስትሮክ ይዟቸው ገቡ። የጎደላቸው አቅም ነው። አንድ ወጣት በከባድ ድብርት ምግብ አልበላም፣ አልታጠብም ብሏል። ጉልበት አለው፤ የጎደለው ፍላጎት ነው። አንዲት እናት ዛሬ ስኳር አለብሽ ተባሉ። አቅሙም ፍላጎቱም አላቸው፤ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጋ፣ እግራቸውን በየቀኑ ለምን ማየት እንዳለባቸው ግን አያውቁም። የጎደለው እውቀት ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት “እንክብካቤ” ብትሰጡ አይሠራም። ለአንዱ ታደርጉለታላችሁ፣ አንዱን ቀርባችሁ ታበረታታላችሁ፣ አንዷን ታስተምራላችሁ።

የስትሮኩን አባት እንመልከት። እኔ ቻርታቸው ላይ “ስትሮክ” ብዬ እጽፋለሁ። ጥሩ ነርስ ደግሞ የራሷን ምርመራ ትጽፋለች፦ መዋጥ ይቸገራሉ፤ ቀኝ ጎናቸውን ማንቀሳቀስ አይችሉም፤ መናገር ስላቃታቸው ሽንታቸው ሲመጣ መናገር አይችሉም፤ ቆዳቸው ሊቆስል ይችላል። የኔ ምርመራ የበሽታውን ስም ይናገራል። የእሷ ምርመራ ሰውየው ዛሬ ማታ በምን ሊጎዱ እንደሚችሉ ይናገራል። በስትሮክ የተኙ ሰዎችን ከሚገድሉ ነገሮች ዋናው አንዱ ደግሞ በኋላ የሚመጣ የሳንባ ምች ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ መዋጥ ሳይችሉ ተኝተው መጎረስ ነው። ልጃቸው ከፍቅር ብዛት በማንኪያ አጥሚት ስትሰጣቸው ማለት ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ? ማን ነገራት?

ዶሮቲያ ኦረም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው መጽሐፍ ይሄንን ሃሳብ ወደ ፊት ገፋችው። ሰው በተፈጥሮው ራሱን ይንከባከባል፤ ነርስ የምትገባው ያ ችሎታ ሲጎድል፣ በጎደለው ልክ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ካገዛችሁት ታዳክሙታላችሁ። የእኛ ቤተሰብ እዚህ ላይ በፍቅር ይሳሳታል። ማንኪያ መያዝ የሚችለውን ሰው እናጎርሰዋለን፣ መራመድ የሚችለውን “ተኛ፣ አትነሳ” እንለዋለን።

4. ገንፎውም ሕክምና ነው

ማደሊን ላይኒንገር ነርስ ነበረች፣ በኋላም የሰዎችን ባህል የሚያጠና አንትሮፖሎጂ ተማረች። በ1960ዎቹ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄዳ ከሕዝቡ ጋር ኖረች። ያመጣችው ሃሳብ፦ ነርስ የታካሚውን ባህል ስታይ ሦስት ምርጫ አላት። ጠቃሚውን ትጠብቃለች፣ የሚያስማማውን ታስማማለች፣ ጎጂውን ደግሞ ሳታዋርድ ከእነሱ ጋር ሆና ትለውጣለች።

ይሄ እኛ ጋ በተግባር አለ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። እናቶች ቤታቸው ከመውለድ ወደ ጤና ተቋም እንዲመጡ ያደረገው ገንፎ ብቻ ነው አልልም። ግን “እዚህም ሰው ነሽ” የሚል መልእክት አለው። የእትብት ላይ ቅቤ ወይም እበት ግን መቆም አለበት፣ ሕጻኑን ኢንፌክሽን ሊገድለው ይችላል። እንገርን መጣልም እንደዚሁ። ልዩነቱን ማወቅ ነው እውቀቱ።

እዚህ አርሲ ደግሞ ከባዱ ጉዳይ ክብር ነው። ሲንቄ የያዘች ሴት መሃል ስትገባ ጠብ ይቆማል። የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ ቀነፋ ታስራለች፣ እሷን ማስቀየም ትልቅ ነውር ነው። እስኪ አስቡት፣ በባህሏ ይሄን ያህል የምትከበር ሴት ምጥ ይዟት ተቋም ስትመጣ፣ በማታውቀው ቋንቋ “ዝም በይ! ግፊ!” እየተባለች ቢጮኽባት? ቀጣዩን ልጅ የት ትወልዳለች? ቤቷ። ደም ቢፈሳትስ? ስለዚህ “ኣካም ጂርታ፣ ሃዾ?” ብሎ በኦሮምኛ መጠየቅ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የእናትን ሕይወት የሚያተርፍ የሙያ ሥራ ነው።

5. “ዶክተር፣ ይቺ ልጅ አላማረችኝም”

ሌሊት ድዩቲ ላይ ያለ ሀኪም ሁሉ ይሄን አባባል ያውቀዋል። ነርሷ ትመጣና “ዶክተር፣ ሰባት ቁጥር አላማረችኝም” ትላለች። ትሄዳላችሁ። የደም ግፊት ደህና ነው፣ ሙቀት ደህና ነው። አንዳንዱ ሀኪም “ምንም የላትም” ብሎ ይመለሳል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጅቷ ትወድቃለች።

ነርሷ ምን አይታ ነው? ባርባራ ካርፐር እ.ኤ.አ. በ1978 ነርስ የምታውቅባቸውን መንገዶች አራት ብላ ከፈለቻቸው፦ ሳይንሱ፣ የትክክልና የስህተት ሚዛን፣ ራስን አውቆ ከታካሚ ጋር እንደ ሰው መገናኘት፣ እና አራተኛው እንደ ጥበብ ያለ፣ ይሄ ሰው አሁን ምን እንደሆነ በአንድ እይታ የማንበብ ችሎታ። “አላማረችኝም” የሚለው አራተኛው ነው። ልጅቷ ትናንት ታወራ ነበር፣ ዛሬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። አስታማሚዋ ያመጣችውን ሻይ አልነካችም። ይሄ የደም ግፊት መለኪያ ላይ አይወጣም። በብዙ አገር ሆስፒታሎች “ነርሷ ሰግታለች” የሚለው ብቻውን ሀኪም ለመጥራት በቂ ምክንያት ተደርጎ ተቀምጧል። ጥንቆላ አይደለም። ከታካሚው አጠገብ ስምንት ሰዓት የቆየ ሰው እውቀት ነው። እኛ ሀኪሞች በራውንድ የምንቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው።

6. “ቲዎሪ ለሀብታም አገር ነው” ለምትሉ

ነርሶች ራሳቸው እንዲህ ይሉኛል፦ “ዶክተር፣ አንድ ነርስ ሠላሳ ታካሚ ይዞ ስለ ሄንደርሰን ታወራለህ?” እውነታቸውን ነው። ኮሌጅ ውስጥ ቲዎሪው ለፈተና ይሸመደዳል፣ ዎርድ ላይ የነርሲንግ ፎርም ከትናንቱ ይገለበጣል።

ቁጥሩም ከእነሱ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት (ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንስልቬንያ ሆስፒታሎች የሠሩት) አንዲት ነርስ የምትይዘው ታካሚ በአንድ በጨመረ ቁጥር፣ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት እድል በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተሠራውም ተመሳሳይ ነገር አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ያኔ ዓለም ወደ 28 ሚሊዮን ነርስ ቢኖራትም 5.9 ሚሊዮን ይጎድላት ነበር፤ ጉድለቱም በአብዛኛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነበር። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ነርሶች ባሉበት አገር አንድ ነርስ ሠላሳ ታካሚ መያዟ ደግሞ የእጥረት ብቻ ሳይሆን የቅጥርና የበጀት ጥያቄ ነው።

ግን መልስ አለኝ። ቲዎሪ የሚያስፈልገው በተለይ እጅ ሲያጥር ነው። ሁሉንም መሥራት ለሚችል ሰው የቱ ይቅደም የሚለው አያስጨንቀውም። ሠላሳ ታካሚ የያዘች ነርስ ግን ማን መዋጥ አይችልም፣ ማን መገልበጥ አይችልም፣ ማን ፈርቷል የሚለውን ካልለየች ቀኑን ሙሉ መርፌ ስትወጋ ትውላለች። ደግሞም በሁሉም አልጋ አጠገብ ፈቃደኛ አስታማሚ አለ። አስታማሚውን “ውጣ፣ ግባ” ከማለት አስር ደቂቃ ማስተማር ይሻላል።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ታካሚ ሲተኛ አስታማሚውን ማስተማር የነርስ መደበኛ ሥራ ሆኖ ቻርት ላይ ይጻፍ፣ ጊዜም ይመደብለት። ሁለተኛ፣ ራውንድ ላይ ሀኪም ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት “ሌሊቱን እንዴት አደረ? አንቺስ ምን ያሰጋሻል?” ብሎ ነርሷን ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ አስተዳደሩ ነርስን የሚመዝነው በሰጠችው መርፌ ብዛት ሳይሆን በመኝታ ቁስል፣ በመውደቅ፣ በታካሚ እርካታ ይሁን። የሙያ አጋሮቼ “ነርስ አስከበርክብን” ብለው ይቀየሙኝ ይሆናል። ይቀየሙ።

7. ዛሬ ማታ አስታማሚ ለሆናችሁ

ያለ ጥቅም አልለያችሁም። እነዚህን ያዙ፦

መንቀሳቀስ የማይችለውን ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ለውጡ። ተረከዝ፣ ዳሌ እና የጀርባ ታች በየቀኑ ይታይ። ተጭናችሁት የማይጠፋ መቅላት ካያችሁ፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካገኛችሁ፣ ለነርስ ንገሩ። ቦታውን አትሹት።

ስትመግቡ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና እንዳለ ይቆይ። እየበላ ካሳለው ወይም ድምፁ እንደ እርጥብ ከሆነ አቁሙ። ስትሮክ ለያዘው ሰው መዋጥ መቻሉ ሳይታይ ውሃም አትስጡ።

መስኮት ክፈቱ፣ ጋቢ ደርቡ። ከነካችሁት በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ።

የጉሉኮሱን ፍጥነት “ቶሎ ይለቅ” ብላችሁ አትንኩ። እሱ የነርስ ነው።

ማድረግ የሚችለውን ራሱ ያድርግ። ነርሷንም እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ “ምን ላድርግለት? ምኑን ለራሱ ልተውለት?”

“ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደለም” ብሎ ልባችሁ ከነገራችሁ ዝም አትበሉ። ጥሩ ነርስ ይሄን አትንቅም።

በየዓመቱ ሜይ 12፣ በናይቲንጌል ልደት ቀን፣ የዓለም የነርሶች ቀን ይከበራል፤ የአበባ ፎቶም እንለጥፋለን። ጥሩ ነው። ከአበባው ይልቅ ግን ነርሶቻችን የተማሩትን ሥራ እንዲሠሩ ጊዜና ሰው ብንሰጣቸው ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

ነርሶች፣ ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ፦ ሠላሳ ታካሚ ይዛችሁ መጀመሪያ የምታዩት ማንን ነው? እንዴት ትመርጣላችሁ? ሌሎቻችሁ ደግሞ ሆስፒታል የሚያስታምም ሰው የምታውቁ ከሆነ ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና!